የፑንታው ሽምግልና

መቀሌ ደርሼ መመለሴን የሰማ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሐውልቱና ስለ ቤተ መንግሥቱ ነው። ሁለቱንም ባጃጅ ውስጥ ሆኜ አይቻቸዋለሁ፤ ያምራሉ። የተረፈውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት ግን ቀዳማይ ወያነ በሚባለው የቆየ ሰፈር፣ ብረት በሚቀረጽበት አንድ ቶርኖ ቤት ውስጥ፣ ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አንድ ፑንታ የሚባል የብረት መብሻ ጥርስ እስኪሰበር በመጠበቅ ነው። ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ።

እኔ አዲስ አበባ በአንድ ቴክኒክ ኮሌጅ የብረታ ብረት ሥራ አስተምራለሁ። ከባልደረቦቼ ጋር አንድ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። በኮምፒዩተር የሚታዘዝ መብሻ ማሽን ብረት ሲበሳ፣ ፑንታውን የሚያሽከረክረው ሞተር ምን ያህል እየለፋ እንደሆነ በየቅጽበቱ ያውቃል። የፑንታው ስለት እያለቀ ሲሄድ ሞተሩ የበለጠ ይለፋል። ማሽኑ ይህን ቁጥር ለራሱ ይይዘዋል እንጂ ለማንም አያወራም። የእኛ ፕሮግራም ቁጥሩን ከማሽኑ መቆጣጠሪያ እየተቀበለ ላፕቶፕ ላይ መስመር ይስላል፤ መስመሩ ከፍ እያለ ሄዶ ከልኩ ሲያልፍ ፑንታው ስላረጀ ቀይሩት ይላል። ሌላ ተአምር የለውም።

አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ።

"ማሽን የምታናግሪው አንቺ ነሽ?" አለ ወፍራም የወንድ ድምፅ።

"ማናገር እንኳን አይባልም። ቁጥር ነው የምናነበው።"

"ማሽኗ ሐሰት ትናገራለች?"

"ቁጥሩ ያው ቁጥር ነው፤ አይዋሽም" አልኩ።

"በቃ ነይ። መኝታሽም ምግብሽም እኔ ቤት ነው።"

ሰውየው አቶ ኪሮስ ይባላሉ፤ መቀሌ ውስጥ ቶርኖ ቤት ያላቸው ሰው ናቸው። ከውጭ ያስመጡት ያገለገለ የመብሻ ማሽን አላቸው። ፕሮግራማችን ከኮሌጁ ግቢ ወጥቶ ስለማያውቅ አለቃዬ ደስ ብሎት ፈቀደልኝ። አቶ ኪሮስ ፕሮግራሙን ለምን እንደፈለጉት የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ሰኞ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ተነሣ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ መሆኑን አይቼ ዕቃዬን ዘርግፌ ስመቻች፣ አንድ ሰው የቁም መስታወት ተሸክሞ ገባ። መቀሌ ፀጉር ቤት ሊከፍት ነው። ረዳቱ ጣሪያ ላይ እንጫነው ቢለው፣ "ጣሪያ ላይ ከሆነ እኔም ጣሪያ ላይ ነኝ" አለ። ተከራከሩ፤ ተሳፋሪው ገላገለ። በመጨረሻ መስታወቱ ከፊቴ ካለው ወንበር ጀርባ ጋር በገመድ ታሰረ፤ ባለቤቱም ከጎኔ ተቀመጠ።

ስለዚህ የሰሜኑን መንገድ አይቼዋለሁ ማለት አልችልም። እስከ ደሴ ድረስ ያየሁት ራሴን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የገዛሁትን ዳቦ ስገምጥ እያየሁ በላሁ። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ጨልሞ ተገላገልኩ ስል፣ በወዲያኛው ጫፍ ብርሃን ሲሆን እንደገና ፊት ለፊት ተገናኘን። ከዚያ ሸዋ ሮቢት ሙቀቱ ሲበረታ ፊቴ ሲቀላና ሲያልበው ተከታተልኩ።

ባለ መስታወቱ ጨዋ ሰው ነበር። "ይቅርታ እህቴ፣ አስቸገርኩሽ። ወደ እኔ ላዙረው?" አለኝ።

"ቢሆን ጥሩ ነው።"

አዞረው። ለጥቂት ጊዜ ራሱን ተመለከተ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መለሰው፤ "እኔስ አልችልም" አለ።

ደሴ አደርን። የያዝኩት ክፍል ውሃ አልነበረውም፤ መብራትም ሄደ። የቤቱ ባለቤት፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ፍል ውሃ በባልዲ አምጥተው፣ እስክታጠብ ድረስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ባትሪ ያዙልኝ። እግረ መንገዳቸውንም ስለ ጉልበታቸው ሕመም አጫወቱኝ። አዲስ አበባ እንኳን ባትሪ የሚይዝልኝ፣ የምከራየውን ቤት ባለቤት በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ማክሰኞ

ወልዲያን፣ ቆቦን፣ አላማጣን አልፈን የግራካሕሱን ዳገት በመጠማዘዝ ወጣን። ማይጨው ላይ ለምሳ ስንቆም፣ ሰዉ መቀሌ ከመግባቱ በፊት በተራ እየመጣ በመስታወቱ ፀጉሩን አስተካከለ። ሹፌሩም መጣ። ባለ መስታወቱ ለሁሉም ማበጠሪያ አዋሰ፤ "ፀጉር ቤቴ ሐወልቲ ሰፈር ነው፣ ሱቁን ስትፈልጉት መስታወቱን ታውቁታላችሁ" እያለ።

መቀሌ ስንደርስ ፀሐይዋ እየበረደች ነበር። የጥር ነፋስ አቧራ ያነሣል፤ ብርዱ ግን እንደ አዲስ አበባ አጥንት ውስጥ አይገባም። ከአውቶቡሱ በር አጠገብ ኮት የለበሱ ትልቅ ሰው ቆመው የምትወርደውን ሴት ሁሉ "ማሽን የምታናግሪው አንቺ ነሽ?" እያሉ ይጠይቃሉ። ከእኔ ፊት የወረዱት መነኩሲት ነበሩ፤ "እኔ የማናግረው ሌላ ነው" ብለው አለፉ። አቶ ኪሮስን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

ቤታቸው ዓዲ ሓቂ ነው። ሓቂ በትግርኛ እውነት ማለት እንደሆነ በባጃጅ እየሄድን አስረዱኝ፤ ደጋግመውም አስረዱኝ። ግቢው ውስጥ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ ክፍሎች ተደርድረዋል። ለእኔ አንዱን ክፍል አስለቅቀዋል፤ ተከራዩ ጓደኛው ዘንድ ተዳብሎ፣ አልጋው ላይ ሁለት ብርድ ልብስ አንጥፎ፣ "እንኳን ደህና መጣሽ፣ የበሩ እጀታ የሚከፈተው ወደ ላይ ነው" የሚል ወረቀት ትቶልኛል። አዲስ አበባ ቢሆን ተከራዩም እኔም ፖሊስ ጣቢያ እንገናኝ ነበር።

የአቶ ኪሮስ ባለቤት ወይዘሮ አልጋነሽ ጥሕሎ አቀረቡ። እንደ ትንሽ ኳስ የተድቦለቦለ የገብስ ሊጥ ነው፤ ሁለት ጣት ባለው እንጨት ተወግቶ ወጥ ውስጥ እየተነከረ ይበላል። የእኔዋ ኳስ እየሾለከች ወጡ ውስጥ ሰጠመች። ወይዘሮ አልጋነሽ አውጥተው "አፍሽን ክፈቺ፣ ጓለይ" አሉና አጎረሱኝ። ጓለይ ልጄ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንጨቱን አልመለሱልኝም፤ እሳቸው ሲያጎርሱኝ ጠገብኩ።

ልጃቸው አብረኸት ማታ ከሥራ ገባች። ሐወልቲ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ቀስ ብላ የምትናገር ልጅ ናት። እናትየዋ ሰርግ እንዳለባቸውና አብረኸት ልትዳር እንደሆነ ነገሩኝ።

"መቼ ነው?" አልኩ።

"ከጥምቀት በኋላ" አሉ እናት።

"ማሽኗ ካለች" አሉ አባት።

የአማርኛ ስሕተት መሰለኝና አለፍኩት።

ረቡዕ

ቶርኖ ቤቱ ቀዳማይ ወያነ ገበያ አጠገብ ነው፤ ሰዉ በአብዛኛው በእግሩ ስለሚሄድ እኛም ከባጃጅ ወርደን በእህልና በጨርቅ ነጋዴዎች መሃል በእግራችን ገባን። ማሽኗ ከጥግ፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሳ ቆማለች። መቀሌ ማሽን ሴት ናት፤ እኔም ከዚህ ወዲያ እንደ አገሩ እላለሁ። የውሃ ቧንቧ ማያያዣ የሚሆኑ ክብ ብረቶች ዙሪያቸውን ትበሳለች። የሚያሠራት ምሩፅ የሚባል ጎልማሳ ነው።

"በዪው ማሽኗን ያስነሣ" አሉኝ አቶ ኪሮስ። ምሩፅ ከአጠገባቸው ቆሟል።

"ማሽኗን... አስነሣ" አልኩት።

"በይልኝ፣ መጀመሪያ ዘይት ልጨምር" አለኝ ምሩፅ።

"ዘይት ልጨምር ነው የሚለው" አልኳቸው።

"በዪው ይጨምር።"

እንዲህ ሆነን እስከ ምሳ ሠራን። እኔ ስወጣ ደግሞ ከበር ውጭ ሆኜ የሰማሁት ይህ ነው፦ አቶ ኪሮስ "ማሽን፣ በሩን የዘጋው ሰው ይክፈተው" ሲሉ፣ ምሩፅ "ማሽን፣ ነፋስ ነው የዘጋው" ይላል።

አቶ ኪሮስ ለምሳ ሲሄዱ ምሩፅን ለምን እንደማይነጋገሩ ጠየቅኩት።

"ፑንታ ይሰበርብኛል፣ መምህር። አርጅቷል፣ አዲስ ስጠኝ ስለው 'ገና ነው፣ ይሠራል' ይለኛል። ስሠራበት ይሰበራል። ከዚያ 'እጅህ ሰባሪ ነው' ይላል። አንድ ሳምንት በላይ በላዩ ሲሰበር፣ 'ለሰባሪ እጅ ልጄን አልሰጥም' አለ።"

"የቷን ልጃቸውን?"

"አብረኸትን ነዋ። ሌላ ልጅ አለው እንዴ?"

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። "ታዲያ እኔን ለምን ጠሩኝ?"

"ለምስክርነት" አለኝ። ቅር እንዳይለኝ ፈርቶ ቶሎ ብሎ ጨመረ፤ "አንቺን አይደለም፣ ማሽኗን ነው። አንቺ አስተርጓሚ ነሽ።"

አቶ ኪሮስ ሲመለሱ ማሽኗ ያለፈውን እንደማታውቅ፣ የሚመዘገበው ከዛሬ ወዲያ የምትሠራው ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው።

"ያለፈውን ነገር አትይዝም?"

"አትይዝም።"

"እንግዲህ ከእኛ ትሻላለች" አሉ። "ግድ የለም፣ ነገ ሽማግሌዎቹ ይወስናሉ።"

ሐሙስ

የማሽኗ መቆጣጠሪያ አሮጌ ነው፤ ይዤው የመጣሁት ገመድ አልገባ አለ። ምሩፅ ያሮጌ ኮምፒዩተር ዕቃ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ ብሎ ገበያ ወሰደኝ። ሱቁ ግማሹ ነጭ ማር፣ ግማሹ የኮምፒዩተር ሬሳ ነው። መርካቶ ቢሆን ሁለቱ የተለያየ ተራ ላይ በሆኑ ነበር። ነጋዴው ማሩን ሳልቀምስ ስለ ገመድ መነጋገር አልፈለገም። ቀመስኩ። ሌላም አስቀመሰኝ። ከዚያ ከአንድ ጋን ጀርባ ገመዱን ስቦ አወጣ፤ ልኩ ነው፣ ግን ማር በማር ሆኗል። ምሩፅ በመንገድ ላይ ሲጠርገው ንቦች ተከትለውን እስከ ቶርኖ ቤቱ በር ድረስ መጡ።

ገመዱን ሰክቼ ላፕቶፑን ስከፍት መስመሩ መጣ። አቶ ኪሮስ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ምሩፅ አንድ ቀዳዳ ሲበሳ መስመሩ ብድግ ብሎ ወረደ። "ተናገረች" አሉ በሹክሹክታ። ከኮሌጁ ሰዎች እንዲህ ያለ አክብሮት አግኝቶ አያውቅም ያ መስመር።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ። ሦስት ናቸው፤ አብረኸትን ለምሩፅ የጠየቁት ራሳቸው ስለሆኑ ጋብቻው ቢፈርስ ስማቸው አብሮ ይፈርሳል። የሚመሯቸው አቦይ ተክላይ፣ አባባ ተክላይ እንደ ማለት ነው፣ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ሁለተኛው የምሩፅ አጎት፣ የከባድ መኪና ሹፌር የነበሩ ሰው ናቸው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ላይ ስለነበሩ አልተዋወቅንም።

ለእንግዳዋ ክብር ሽምግልናው በአማርኛ ይሁን ተባለ። አቶ ኪሮስ "ማሽኗ ትመስክርልን" ብለው ሲጀምሩ አቦይ ተክላይ እጃቸውን አነሡ።

"ማሽን በአማርኛ 'ይመስክር' ነው የሚባል።"

"እንዴት? ማሽን ሴት ናት" አሉ ሹፌሩ። "ዕድሜዬን ሁሉ የነዳኋት ሴት ናት።"

"በትግርኛ ነው የነዳሃት።"

"መንገዱ የጎጃም ነበር።"

ይህ ክርክር ሻይ መጥቶ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ቆየ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ፤ አዲስ አበባ ምን ይባላል አሉኝ። ሁለቱም ይባላል ስል ሦስቱም አዘኑብኝ። ከዚያ አቦይ ተክላይ ማሽኗ ከሁለቱ ወገን ዘመድ እንዳላት ጠየቁ። የአቶ ኪሮስ ንብረት ብትሆንም ቀኑን ሙሉ የምትውለው ከምሩፅ ጋር ስለሆነ፣ ለማንም አታዳላም ተባለ። ውሳኔው ይህ ነበር፦ ነገ አዲስ ፑንታ ይታሰር፣ ምሩፅ ሽማግሌ ፊት ይብሳበት፣ እስኪሰበርም ይጠበቅ። ማሽኗ ፑንታው አርጅቷል ካለች በኋላ ከተሰበረ ጥፋቱ የእጅ አይደለም። ሳታስጠነቅቅ ከተሰበረ ግን ጥፋቱ የምሩፅ ነው።

ዐርብ

አብረኸት ከመድኃኒት ቤቱ ጥጥ ላከች፤ ሽማግሌዎቹ ከጩኸቱ እንዲድኑ ጆሯቸው ውስጥ ጠቀጠቁት። ከዚያ እርስ በርስ መስማማት ቢፈልጉም መሰማማት ስላቃታቸው ቀኑን ሙሉ ሲጯጯሁ ዋሉ።

ፑንታው ሥራ ጀመረ። መስመሩ ዝቅ ብሎ ከሞተሩ አቅም ሠላሳ በመቶ አካባቢ ነበር፤ ቀስ እያለ ወጣ። ሁሉም እንዳጠናነው ነው። የጾም ቀን ስለሆነ ወይዘሮ አልጋነሽ ሕልበት ላኩልን፤ ከባቄላና ከአብሽ የሚሠራ፣ እንደ አረፋ የተመታ ነጭ ነገር ነው። እሱን እየበላሁ ዓይኔ መስመሩ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰባን ሲያልፍ ላፕቶፑ ቀይ አበራ፣ ጮኸም።

"ምን አለች?" አሉ አቦይ ተክላይ።

"አርጅቷል፣ ቀይሩት አለች።"

"መዝግቡ። ቀጥል ምሩፅ፣ ይሰበር።"

ምሩፅ ቀጠለ። ሁላችንም ጠበቅን። ፑንታው አልተሰበረም። ሌላ ብረት መጣ፣ ሌላም። ፑንታው እንደ ታመመ ሰው ያቃስታል፣ ያፏጫል፣ ግን ይበሳል። የሰፈሩ ሰው በሩ ላይ ተሰበሰበ። ሹፌሩ ሽማግሌ የምሩፅ አጎት መሆናቸውን ረስተው ፑንታውን ማበረታታት ጀመሩ፤ "ጽቡቕ! በርታ! አይዞህ!" ይላሉ።

አቦይ ተክላይ ጥጡን ከጆሯቸው አወጡ። "ልጄ፣ መቼ ነው የሚሰበረው?"

"ማርጀቱን እንጂ የሚሰበርበትን ሰዓት አናውቅም፣ አባቴ።"

"ታዲያ ምን አወቃችሁ?"

ብዙ ስብሰባ ላይ ብዙ ጥያቄ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያላበኝ ግን የለም። ቀኑ ሲመሽ ፑንታው እንደታሰረ ነበር። አቶ ኪሮስ በጣም ረክተው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"በዪው፣ ብቻውን ሲሆን ይሰበራል፣ ሽማግሌ ሲያየው አይሰበርም። ፑንታ ሰው ያውቃል በዪው።"

አላልኩትም። ምሩፅ ሰምቶ እጁን ሲጠርግ፣ ጨርቁን ከሚገባው በላይ ብዙ ጊዜ አሸው።

እራት ላይ አብረኸት ከጎኔ ተቀመጠች። "ነገም ካልተሰበረ ምን ታደርጊያለሽ?" አልኳት።

"አገባዋለሁ" አለች። "ግን አባቴ ሰርጉ ላይ አይገኝም። እናቴ እያለቀሰች ትድረኛለች። እኔም እንደዚያ ሆኜ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም።" ትንሽ ቆይታ "አንቺ ልትሰብሪው አትችይም?" አለችኝ።

"እንዴት ብዬ? የሐሰት ምስክር ልሁን?"

"እሱስ ልክ ነው" ብላ ውሃ ቀዳችልኝ። ተስፋ የቆረጠች ሰው እንደዚያ ተረጋግታ ስትቀዳ አይቼ አላውቅም። እኔ ግን እራቴን ትቼ ተነሣሁ፤ የሰው ትዳር በእኛ መስመር ላይ ተንጠልጥሏል።

ቅዳሜ

ሽማግሌዎቹ በጠዋት መጡ፤ ሹፌሩ ለፑንታው እንዴት አደርክ አሉት። ምሩፅ መሥራት ቀጠለ፤ ማቀዝቀዣውን ዘይት በደንብ እየለቀቀ፣ እየተጠነቀቀ። መስመሩ ሰማንያን አልፏል። ፑንታው አሁንም አልተሰበረም። አቦይ ተክላይ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት አለባቸው።

አቶ ኪሮስ ከአግዳሚው ተነሡ። ኮታቸውን አውልቀው ለእኔ አስያዙኝ።

"ሽማግሌዎች፣ ይብቃን" አሉ። "ይህ ፑንታ ጤነኛ ነው። እኔ ራሴ ብሠራበት ሌላ ወር ያገለግላል። ላሳያችሁ።"

ምሩፅ "በይልኝ፣ ይቅርባቸው፣ አደጋ አለው" አለኝ። ነገርኳቸው። አልሰሙም። የማሽኗን መከለያ መስኮት ዘግተው አዝራሩን ተጫኑ።

ፑንታው ወረደ፣ ብረቱን ነከሰ፣ ላፕቶፑ ላይ ያለው ቁጥር ዘጠናን ሲያልፍ አየሁ። ከዚያ መስኮቱ ውስጥ እንደ ተኩስ ያለ ድምፅ ሆነና ማሽኗ ቆመች።

እንቅልፍ ላይ የነበሩት ሽማግሌ ነቁ። "ተሰበረ?"

"ተሰበረ" አሉ አቦይ ተክላይ።

"በማን እጅ?"

አቶ ኪሮስ ጣታቸው አሁንም አዝራሩ ላይ ነው። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩና ቀስ ብለው "እኔ አልሰበርኩትም። እሱ ነው የተሰበረው" አሉ። ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ፤ ፊታቸው ተለወጠ።

ሁላችንም ምሩፅን አየነው። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተናግሮ ማንም ያላመነው ሰው ነው። ቢስቅ ማን ይፈርድበት ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ "በይልኝ፣ አይዞት" አለ።

"አይዞት ይላል" አልኳቸው።

አቶ ኪሮስ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። "ሰምቻለሁ" አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተማክረው ፑንታው በራሱ ሞት ሞተ ብለው ፈረዱ። በማንም እጅ አልሞተም። ከዚህ ወዲያ ማሽኗ ስንት ስትል ይቀየር የሚለው ግን ቀረ። እኔ ከሰባ እስከ ሰማንያ ባለው ውስጥ ቢሆን ጥሩ ነው አልኩ። አቶ ኪሮስ ዘጠና አሉ። ሹፌሩ ወደ አጎትነታቸው ተመልሰው ስልሳ አሉ። እንደ ጥሎሽ ድርድር አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲወጣ፣ የመሣሪያ ልክ በድርድር አይወሰንም ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ።

"ልጄ" አሉ አቦይ ተክላይ፣ "አንቺ ከሰባ እስከ ሰማንያ ብለሻል። እኛ ሰባ አምስት አልን። ሳይንስሽን የነካው አለ?"

ሰባ አምስትን ፕሮግራሙ ውስጥ ጻፍኩ። ጭቅጭቅ እንዳይነሣም፣ ፑንታ የሚቀየረው አማችና አማት ሁለቱም ባሉበት ይሁን ብለው ጨመሩበት።

አቶ ኪሮስ ወደ ጓዳ ገብተው አዲስ ፑንታ ይዘው ወጡ። ወደ እኔ ዞረው "በዪው..." ብለው ጀመሩና አቋረጡት። ፑንታውን ለምሩፅ ዘረጉለት።

"እሰረው፣ ልጄ።"

"ሕራይ፣ ኣቦ" አለ ምሩፅ። እሺ አባቴ ማለቱ ነው። የእኔ የአስተርጓሚነት ሥራ በዚህ አበቃ። የተረፈውን ቀን አቶ ኪሮስና ምሩፅ የስንት ሳምንት ወሬያቸውን ሲያወሩ ዋሉ፤ ማሽኗ አልተነሣችም።

እሑድ

ወይዘሮ አልጋነሽ ለመንገድ ብለው የሰጡኝን ሽሮ፣ በርበሬና ማር ተሸክሜ ለመግባት ባለ መስታወቱን ያስቸገረው ረዳት አስቸገረኝ፤ ያው አውቶቡስ ነው። ተከራዩ ተማሪ ዕቃዬን አሸክሞኝ፣ ክፍሉን ስለለቀቅሁለት ሳይሆን ስለተኛሁበት አመሰገነኝ። ለሰርጉ እንድቆይ ብዙ ተለመንኩ፤ ማስተማር ስላለብኝ አልቻልኩም። ሰኞ ማታ ቤቴ ገባሁ። በመንገዱ ላይ በዚህኛው ጊዜ ተራራውን አየሁ፤ እውነትም ያምራል።

ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ላቆመው ነበር። ከሰርጉ በኋላ ባለው ሳምንት ግን አብረኸት ደወለች። ሙሽሮች ከቤት በማይወጡበት የጫጉላ ጊዜያቸው ላይ ነበሩ።

"አባቴ ፑንታ ይዞ ደጃችን ቆሟል" አለችኝ። "እሱ ያናግርሽ።"

"ልጄ" አሉ አቶ ኪሮስ፣ "ማሽኗ ሰባ አምስት ብላ ቆማለች። ምሩፅ ደግሞ መውጣት አይፈቀድለትም። ስለዚህ አዲሱን ፑንታ እሱ ዘንድ አመጣሁት። አይቶት፣ በእጁ ነክቶት ብመልሰው፣ ሁለቱም ባሉበት ተቀየረ ይባላል?"

"አቦይ ተክላይ ምን አሉ?"

"ሰዋስዉ ይፈቅዳል ብሏል። የማሽኗን ግን አንቺን ጠይቅ አለኝ።"

"ማሽኗ ቅር አይላትም" አልኩ።

ለሌሎቹ ሲነግሩ፣ ምሩፅም በር ላይ ሆኖ ሲመልስ ሰማሁ። ከዚያ አቶ ኪሮስ "በል ግባ፣ ልጄ፣ እኔ አስረዋለሁ" አሉት። የአብረኸትን ስልክ መመለስ ረስተውት ነበር መሰለኝ፤ ከደጃፉ ወርደው ባጃጅ ሲጠሩ፣ ለሹፌሩም "ቀስ ብለህ ንዳ፣ የልጄን ፑንታ ይዣለሁ" ሲሉ እስከ መጨረሻው ሰማሁ።